ሃያ አራት ቮልት በሙሉ ድምፅ

ሰበታ ካለው የብስኩት ፋብሪካ ሆኖ ቡራዩ ያለውን መጋዘን ማየት አይቻልም፤ መሃል ላይ ወጨጫ ተራራ ተገትሯል። ሁለቱን በዋየርለስ ለማገናኘት ተራራው ትከሻ ላይ የአርባ አምስት ሜትር ታወር ቆመ። የወጨጫ ንፋስ መቼም እንደ ሌላው ንፋስ አይደለም። አንድ ጊዜ ታወሩ ላይ የወጣ ሰው ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ቢል፣ ሃሎው በንፋስ ሆለታ ወርዶ እዚያ የሚያርስ ገበሬ «አቤት» አለ ይባላል። ገበሬው ማን እንደጠራው እስካሁን ይጠይቃል።

ታወሩ ላይ የሚወጣው ዮአብ ነበር፤ የሆሳዕና ልጅ፣ በኮንትራት የተቀጠረ ኤሌክትሪሺያን። ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ሚስቱ ኤዶም ሆሳዕና እናቷ ቤት ሕፃን ይዛ የቋሚነት ደብዳቤውን ትጠብቃለች፤ ቋሚ ከሆነ መጥታ አብራው ልትኖር። ሥራ አስኪያጁም የታወሩ መስመር ክረምቱን ሳይቋረጥ ከሠራ ደብዳቤው እንደሚጻፍለት ቃል ገብተውለታል።

መብራት በየቀኑ ስለሚሄድ ታወሩ ባትሪ ያስፈልገው ነበር። ስንት ቮልት ይሁን የሚለውን አንድ ባለሙያ ይመልሰው ነበር፤ ፋብሪካው ግን ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው የግዢ ኃላፊው አቶ ካሳሁን፣ አባላቱ የሰው ኃይሏ ወይዘሮ አረጋሽና የስምሪቱ ቢኒ፤ ዮአብ ደግሞ አባልና ጸሐፊ።

ዮአብ አርባ ስምንት ቮልት ይሁን አለ፤ አራት ባትሪ በተርታ ተያይዞ። ታወሩ ላይ የሚሰቀለው የዋየርለስ ዕቃ ከሃያ አንድ ቮልት በታች ከደረሰው ይጠፋል፤ ሽቦው ደግሞ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ መንገድ ላይ ቮልቱን ይበላል። ላይገባቸው ይችላል ብሎ በውሃ መሰለላቸው።

«ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የማይወጣው የለገዳዲ ግድብ ስለደረቀ አይደለም፤ ግፊቱ መንገድ ላይ ስላለቀ ነው። ሃያ አራት ቮልትም ከታች ሃያ አራት ሆኖ ይነሳል፣ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው።»

ወይዘሮ አረጋሽ አራተኛ ፎቅ ስለሚኖሩ በደንብ ገባቸው፤ ስለ ውሃው ብቻ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ቢኒ ግን ስቶር ውስጥ ሁለት የአይሱዙ ባትሪ መኖሩን፣ ሁለቱ ሲያያዙም ሃያ አራት እንደሚሆኑ አስታወሰ።

«ሃምሳ ኩንታል የጫነ አይሱዙ የሚያስነሳ ባትሪ፣ ድስት የምታህል ሳጥን ያቅተዋል እንዴ ብሮ?»

ሁሉም ሳቁ። ዮአብ የመኪና ባትሪ አንዴ በኃይል ገፍቶ የሚያርፍ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲመጠጥ የሚውል አይደለም ሊል አፉን ሲከፍት፣ አቶ ካሳሁን ድምፅ ይሰጥ አሉ። ሦስት ለአንድ ሆነ። ወይዘሮ አረጋሽ እጃቸውን ያወጡት የሻይ ሰዓት ስለደረሰ ነበር። ኤሌክትሪኩ ራሱ በድምፅ ብልጫ እንደተወሰነበት ቢሰማ ደንግጦ ሽቦው ውስጥ በቆመ ነበር።

ዮአብ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ» ብሎ አሰፈረ። አቶ ካሳሁን አንብበው እንደ አባት በለዘበ ድምፅ ወረቀቱን መለሱለት።

«ስማ ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁ ልዩነት ያለበት ወረቀት አይወዱም። ያንተ የቋሚነት ጉዳይ ደግሞ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሙሉ ድምፅ በለው፤ ምን አለበት?»

ዮአብ ኤዶም ትዝ አለችው። «ባለሙያው ባሉበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ እንደገና ጻፈው፤ ፈረመበትም።

ሰኔ በሰላም አለፈ። ሐምሌ ላይ መብራት በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ይጠፋ ጀመር። ባትሪው ትንሽ ሲወርድ ላይ ያለው ዕቃ ይጠፋል፤ እሱ ሲጠፋ የሚስበው ስለሌለ ባትሪው ነፍስ ይዘራል፤ ያኔ ዕቃው ይነሳል፤ ተነስቶ መሳብ ሲጀምር መልሶ ይወድቃል። የታወሩ ዘበኛ ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው የዕቃዋን መብራት ሲቆጥሩ፣ በአንድ ከሰዓት መቶ አርባ ጊዜ ሞታ መቶ አርባ ጊዜ ተነሳች።

«ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ፓስተርህን ጥራና ይያት» አሉት። «እንዲህ ስትሞት ስትነሳ የምትውል አይቼ አላውቅም።»

ዮአብ መሳቅ አልቻለም። ነሐሴ ላይ በመስመሩ የተላከው የማራገፊያ ትዕዛዝ ቡራዩ ሳይደርስ ቀርቶ፣ አንድ መኪና ብስኩት የመጋዘኑ በር ላይ ሦስት ቀን ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ገንፎ ሆነ።

ያው ኮሚቴ ተሰበሰበ። አቶ ካሳሁን ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመሩ፤ «ባለሙያው ባሉበት» የሚለው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ደገሙት። ዮአብ ተቃውሜ ነበር አለ። የት ተጽፏል አሉት። ቢኒ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ወይዘሮ አረጋሽ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ፣ ኮንትራቱ በዚህ ወር ሲያልቅ እንደማይታደስ ነገሩት።

ሊወጣ ሲነሳ አቶ ካሳሁን አስቆሙት።

«ከመሄድህ በፊት ያን የአርባ ስምንቱን ነገር ጻፍልን። የባትሪውን ዓይነት፣ የሽቦውን ውፍረት፣ ሁሉንም።»

ተመልሶ ተቀመጠ። አንዲት ቁጥር ቢያዛባ ከመሃላቸው የሚያውቅበት አልነበረም፤ ሊያዛባም ቃጥቶት ነበር። ከእሱ በኋላ ታወሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ሰው አሰበና ትክክለኛውን ጻፈ። ከታች ስሙን ሊያሰፍር ሲል ወይዘሮ አረጋሽ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረጉ።

«ስምህን ተወው። የሚያቀርበው ኮሚቴው ነው።»

ከግቢው ሳይርቅ ኤዶም ደወለች። ክረምቱ አለቀ አይደል፣ ደብዳቤው ወጣ ወይ፣ አልጋውን ለእህቴ ልስጣት ወይስ ተጭኖ ይምጣ ብላ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው። ዮአብ የሚጮኽ ሚኒባስ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«አልጋውን አትስጪ፤ አታስጭኚውም» አላት።