ከአውቶቡሱ ኋላ የሮጠው ሙርጆ

ዝላትካ ፖስታ ቤት ልትሠራ እኛ መንደር ስትመጣ፣ ሰዉ መሮጧ አልገባውም። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሥራ ሳትገባ፣ በረዶ በዋጠው የጥድ ጫካ ሽቅብ ስትሮጥ የሚያያት ሁሉ "ማን አባርሯት ነው?" ይል ነበር።

ብዙ ቀን ግን ብቻዋን አልሮጠችም። የሽማግሌው የስታመን ውሻ ሙርጆ አንድ ቀን አጥር ዘሎ ተከተላት፤ ከዚያ ወዲህ በሯ ላይ ይጠብቃት ጀመር። እስከ ደረቱ በረዶ ውስጥ እየሰመጠ ከፊቷ መንገድ ይከፍትላታል። ስትዘገይ ቆሞ፣ ዞር ብሎ ያያታል።

ስታመን ቅር አለው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ከውሻው ሌላ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም።

"ውሻዬን ሰረቅሽኝ" አላት ቴምብር ሊገዛ መጥቶ።

"አልጠራሁትም እኮ አባባ ስታመን። በራሱ ነው የሚመጣው።"

"ምን ታበይዋለሽ?"

"ምንም።"

"እሱ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ሥጋ እየቆረጥኩ አጎርሰዋለሁ፣ እሱ ባዶ እጇን ያለች ሴት ኋላ ይከንፋል።"

ተራ የያዙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

በጥር ደረቱን ታመመና ሴት ልጁ ፕሎቭዲቭ ከተማ ወስዳ ልታስታምመው ወሰነች። እሷ ያለችበት ፎቅ ውሻ አያስገቡም። በመሄጃው ዋዜማ ስታመን ሙርጆን ይዞ ዝላትካ በር ላይ ቆመ፤ ይግቡ ብትለው እንቢ አለ።

"ተኩስ ይፈራል" አለ። "አዳኞች ሲወጡ ቤት አስገቢው።"

"አስገባዋለሁ።"

ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በማግስቱ ሙርጆን በገመድ ይዛ ስታመንን ልትሸኝ ወጣች። አውቶቡሱ ሲነሣ ውሻው ተወርውሮ ገመዱን ከእጇ አስለቀቃትና ከኋላው ፈረጠጠ። በመንገዱ ብትከተለው እንደማትደርስበት ታውቃለች። አስፋልቱ ተራራውን ሲዞር እሷ ጫካውን አቋርጣ ቁልቁል ወረደች። እስከ ጉልበቷ ሰመጠች፤ ተንሸራታ ከጥድ ተላተመች፤ ተነሥታ ደግሞ ሮጠች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ በረዶ ጠራጊው መኪና እስኪያልፍ ቆሟል። ሙርጆ ምላሱን አንጠልጥሎ በሩን ይቧጭራል።

ሾፌሩ ከፈተ። ስታመን እያሳለ ወረደና በረዶው ላይ ተንበረከከ።

"አንተ ደደብ" አለው አንገቱን አቅፎ። "እኔ ደረጃ መውጣት ያቃተኝ ሰው ነኝ። እዚያ ሄደህ ምን ልትሠራ?" ቀና ሲል ዝላትካን አያት። "ልጄ፣ ኮፍያሽስ?"

"ጫካ ቀረ።"

የራሱን የሱፍ ኮፍያ አውልቆ አጠለቀላት።

"ኧረ ይበርድዎታል!"

"አውቶቡስ ውስጥ ምን ይበርደኛል? እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት።"

"ምን ሊሉት?"

"እሱ የኔና የሱ ጉዳይ ነው።"

ገመዱን መዳፏ ላይ አኖረና ወደኋላ ሳያይ ተሳፈረ።

አውቶቡሱ ከዓይን ሲሰወር ሙርጆ መንገዱ ዳር ተጋደመ፤ ብትጎትተውም አልነሣም አለ። ዝላትካም አጠገቡ በረዶው ላይ ተቀመጠች። ፖስታ ቤቱ ያን ቀን ረፍዶ ተከፈተ፤ ማንም አልተቆጣት። ብርዱ አጥንቷ ሲገባ ውሻው በራሱ ፈቃድ ተነሣ፤ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው ዳገቱን ወጡ።

ሙርጆ ለብዙ ቀን ከግቢ አልወጣም፤ እሷም ብቻዋን ሮጣ ትመለስ ነበር። አንድ ጠዋት ግን፣ ጫማዋን ስታስር፣ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።