የወለላችን ድንጋይ

ፍርሃት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ፍርሃት ማለት የመንደራችን ሹም ካፒታን አቡንዲዮ ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው፣ «የማዕበል መጠለያው እዚህ፣ በደሴታችን ምሥራቅ በኩል ይሠራል» ሲሉ ነው። ስብሰባው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ።

ካርታው የድሮ ነው። በምሥራቅ በኩል ማዕበሉን የሚሰብር፣ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የተፈጠረ ግንብ አለ ይላል። የለም! እኔና ባሌ ሮዴል ፈንቅለን ጨርሰነዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲሻገር፣ ድንጋዩን በጀልባ እየጫንን ወለላችንን ከፍ አደረግንበት። ምን እናድርግ ታዲያ? ባሕሩ በየወሩ ቤት ይገባል፤ እናቴ ደግሞ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም።

«በአውሎ ነፋስ ጊዜ መጀመሪያ የሚገቡት ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ናቸው» አሉ ሹሙ። «ወቅቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሚቃወም አለ?»

ሮዴል ክንዴን ቆነጠጠኝ። «ዋ! ወለሉን ያስፈርሱናል» አለኝ በሹክሹክታ።

እውነቱን ነው። ኮራል ያነሳ ሰው መልሶ ባሕር ውስጥ ይጨምራል፤ ደንባችን ነው። እናቴን የት ላስተኛት? ዝም ብልስ? ያ ሁሉ ሕፃን መጠለያው ውስጥ ታጭቆ፣ እናቴም መሃላቸው ተኝታ፣ ባሕሩ ያለከልካይ ሲመጣባቸው ታየኝ።

«ካፒታን፣ እዚያ ግንብ የለም!» ጮኼ ኖሯል። «እኛ ነን ያወጣነው። ለወለላችን።»

ሮዴል ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ካፒታን አቡንዲዮ ቀይ እርሳስ አንስተው ምሥራቁን ሰረዙ። «እሺ፣ ወደ ደቡብ እናዙረው» አሉ።

«ደቡብም አይሆንም» አለች እንደ ታላቅ እህት «ማናንግ» የምንላት ዓሣ ነጋዴዋ ክሪሳንታ፣ መሬት መሬት እያየች። «እኔ... ለኩሽናዬ ትንሽ ወስጃለሁ።»

«አንቺም፣ ማናንግ?» አልኳት።

«ምን አንቺም ትይኛለሽ! ውሃው ያንቺን ቤት ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚገባው?»

ሰው ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ብሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ አስተማሪው ተነስቶ፣ ሰሜኑን እሱና ወንድሞቹ እንደጨረሱት ተናገረ። ያኔ ሳቁ ጠፋ።

የቀረው ምዕራብ ብቻ ነበር። ሁላችንም ሹሙን አየን። የካፒታን አቡንዲዮ ላብ ካርታው ላይ ይንጠባጠባል። «የኔም ቤት እኮ ውሃ ይገባዋል» አሉና በገዛ እጃቸው ምዕራቡን ሰረዙት።

«ታዲያ የት እንግባ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ቤት ስደርስ እናቴ አንገቷን ከትራሷ ቀና አደረገች። «እህ፣ መጠለያው የት ሆነ?»

«ገና አልተወሰነም፣ ናናይ።»

እጄን ያዘችኝ። «ታዲያ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጪው?»

እግሮቿን በብርድ ልብሱ ሸፈንኳቸው።