ለ413 የተላከ ግብዣ

ታናሽ ወንድሟ ከረቫቱን አስሮ፣ የኩባንያውን ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሆስፒታሉ የስብሰባ አዳራሽ ሲገባ፣ እህቱ ፖስታ ቤት ወንበሯን አዙራ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። በመስኮቱ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባና ሁለት የተሰበሩ አልጋዎች ብቻ። ቢሆንም ከእሱ ፊት እነሱ ይሻሉኛል ብላ አፍጥጣ አየቻቸው።

ፖስታ ቤት ነርሶቹ ያወጡላት ስም ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው የሚጻጻፈው ኢሜይል ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋላ! ይህን የኢሜይልና የቀጠሮ ሥርዓት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሠራችው ከዚሁ ከወንድሟ ጋር ነበር። መነሻቸው ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮችና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነበር፤ የቀረው የአንድ ክረምት ጭቅጭቅ ነው። ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት ወንድምየው ሹልክ ብሎ ሶፍትዌር ሻጭ ኩባንያ ገባ። እሷ የሰማችው ከሰው ነው። አብረው ቁርስ በልተው በወጡበት ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገብቶ፣ ለእሷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ! ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነው ቀሩ።

አሁን ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ እሷ የሠራችውን ነቅሎ የኩባንያውን ሊተክል መጥቷል።

«አሁን ያላችሁ ነገር ጥርቅም ነው» አለ ለዳይሬክተሩ። «አንዱ ፕሮግራም ደብዳቤ ይቀበላል፣ ሌላው ያስቀምጣል፣ ሌላው የሰው ስም ይመዘግባል፣ ሌላው ቀጠሮ ይይዛል። የተበጣጠሰ ነው። የኛ አንድ ወጥ ነው።»

ፖስታ ቤት ከመስኮቱ ዞረች። «የተበጣጠሰ ሳይሆን የተለያየ ነው። ደብዳቤ ተቀባዩ ቢወድቅ የተቀመጠው ደብዳቤ አይነካም። ቀጠሮ ያዡን አውጥተህ በሌላ ብትተካው የስም መዝገቡ ነገሬም አይለው። ይህን ወረቀት ላይ የሳልከው አንተ ራስህ ነህ፤ ረሳኸው እንዴ?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን ሆነሃል? ከረቫት ነው የጨመርከው።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቤታችሁን ነገር ቤታችሁ። የሚቀጥለው ረቡዕ ወደ አዲሱ እንዞራለን። አንቺን ካርድ ክፍል እናዛውርሻለን፤ እዚያ ሰው ጎድሏል።»

ካርድ ክፍል ማለት ምድር ቤት፣ አቧራ የጠጡ መደርደሪያዎች መሀል፣ የሕመምተኛ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ መዋል ነው። አሥራ አንድ ዓመት የለፋችበት አንድ ቀን ሳይታመም እየሠራ፣ እሷ እንደ ተሰበሩት አልጋዎች ወደ ጓሮ ልትጣል ነው። ደሟ ፈላ። ወንድሟን አየችው፤ እሱ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከእሱ ኢሜይል ደረሳት። ሰላምታ የለውም። «ባለፈው አንድ ዓመት አንድም ቀን በፓስዎርድ ተገብቶባቸው የማያውቁ 214 አካውንቶች አሉ። ወደ አዲሱ አይሻገሩም፤ ይሰረዛሉ። ዝርዝሩን እዪውና መቅረት የሌለበት ካለ እስከ ነገ ንገሪኝ።»

ዝርዝሩን ከፈተች። ጡረታ የወጡ፣ የለቀቁ፣ ለሙከራ ተከፍተው የተረሱ። የሞቱም ነበሩ። እየወረደች እየወረደች መቶ ሠላሳኛው ተራ አካባቢ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። 411፣ 412፣ 413፣ 414፣ 415።

እነዚህ ሰዎች አይደሉም፤ አምስቱ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ወንድሟ ከሄደ በኋላ ነው እሷ የከፈተቻቸው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በክፍል የተነሳ ኮሪደር ላይ ሲጯጯሁ ይውሉ ነበር። እሷ ለእያንዳንዱ ክፍል እንደ አንድ ሠራተኛ የራሱን የኢሜይል አድራሻና የራሱን ካሌንደር ሰጠችው፤ ስሙንም የውስጥ ስልኩን ቁጥር አደረገችው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሲይዝ ለክፍሉ ግብዣ ይልካል። ክፍሉ በዚያ ሰዓት ነፃ ከሆነ በራሱ «እሺ» ብሎ ይመልሳል፤ ከተያዘ «አይሆንም» ይላል፤ ሐኪሙም ሌላ ክፍል ይጠይቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሐኪም አንድ በር ላይ ተጋጭቶ አያውቅም። ክፍል ደግሞ ፓስዎርድ አስገብቶ ደብዳቤ አያነብም። ለዚህ ነው አምስቱም ከሞቱት ጋር የተደረደሩት።

ይህን የትም አልጻፈችውም። ለማን ትጽፈው? አብሯት የሚሠራ ሰው አልነበረም።

ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ግማሹን ከመታች በኋላ «ጥርቅም» ያለው ትዝ አላት፤ ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። አንድ ወጥ ነው ብሏል አይደል? እስቲ አንድ ወጡ ሲሠራ እንየው! ካርድ ክፍል የሚወርደው ማን እንደሆነ ያኔ ይለያል። ከዚያ እንዲህ ብላ መለሰችለት፦ «አየሁት። አስተያየት የለኝም።»

ረቡዕ ቀትር ላይ አዲሱ ሥርዓት ተከፈተ። የእሷ ሰርቨር ግንኙነቱ ተቋርጦ ከእሷ ጋር ካርድ ክፍል ወረደ፤ እዚያም ጠረጴዛዋ ሥር ማጉረምረሙን ቀጠለ፤ ለመጠባበቂያ ለአንድ ወር ይቆይ ተብሏል። ሐሙስና ዓርብ ሐኪሞቹ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀዶ ሕክምና እንደ ልማዳቸው ያዙ። አዲሱ ሥርዓት የሌለ አድራሻ ሲያገኝ ደብዳቤውን ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል፤ ሐኪሙ ካሌንደር ላይ ግን ቀጠሮው አምሮ ይቀመጣል። መብራቱ ደህና ስለሆነ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው 413ን ነው። ከዚያ በፊት 413 «አይሆንም» እያለ ወደ ሌሎቹ ያከፋፍላቸው ነበር። አሁን የሚከለክል የለም።

ሁለት ቀን ሙሉ ልትናገር ትችል ነበር። ዓርብ ምሳ ሰዓት ወንድሟ በበሯ አልፎ ቆም አለ። «ሁሉም ደህና ይመስላል?» አላት። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ» አለችው። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ 413 በር ሦስት አልጋ መጣ። ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ፖስታ ቤት ለማየት ደረጃውን ወጣች፤ እንዳይታወቅባት እጇ ላይ ሁለት ካርድ ይዛለች።

የአጥንት ሐኪሙ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ሕመምተኛውን አስገብቶ ሥራ ጀምሯል። የማሕፀን ሐኪሟ እየተሳደበች አልጋውን ወደ 415 አስገፋች። የዓይን ሐኪሙ ግን መሄጃ አልነበረውም፤ የዓይን ማይክሮስኮፑ የተተከለው 413 ጣሪያ ላይ ብቻ ነው። «ስልኬ ላይ እዩት! ሦስት ሰዓት፣ 413፣ ተይዟል ይላል!» እያለ ስልኩን ለኃላፊዋ ነርስ ያሳያታል። ኃላፊዋ ነርስም በራሷ ስልክ የአጥንቱን ቀጠሮ ታሳየዋለች። ሁሉም እውነቱን ነው።

የፖስታ ቤት አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወንድሟ በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲል፣ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ስታየው ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት።

ሦስተኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። የሆስፒታል ጋውን ለብሶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጩኸቱ ወደመጣበት ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ይህን ያወቀችው ልጁ ለነርሷ ስትለማመጥ ሰምታ ነው። «አንደኛው ዓይኑ ድሮ የጠፋ ነው፤ ይሄኛው ነው ያለው። ዛሬ ካልተሠራ አይሆንም ብላችሁናል እኮ!» ነርሷም «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ» ትላለች።

ፖስታ ቤት ይህን ሰማች። ምድር ቤት ወርዳ ሰርቨሩን ብታገናኘው፣ ክፍሎቹን ብትመልሳቸው ሃያ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ግን የሰኞውን ግጭት ያ አይፈታውም ብላ ራሷን አሳመነች። የአጥንት ሕመምተኛው ተከፍቷል፤ ማን ያስወጣዋል? ይህ እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ መስመር ብትጽፍ ኖሮ ግጭቱ ራሱ እንደማይኖር፣ ይህም እውነት ነው፤ ይህንኛውን አላሰበችውም። ይልቅ ሰው ልከው እስኪያስጠሯት ካርዶቿን ይዛ ቆመች።

የአጥንቱ ሥራ እስከ ስምንት ሰዓት ዘለቀ። የዓይን ሐኪሙ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ይሠራል። ልብስ ሰፊው ለረቡዕ ተቀጠረ።

አመሻሹ ላይ ዳይሬክተሩ አስጠራት። ኃላፊዋ ነርስና ወንድሟም ነበሩ። ፖስታ ቤት ስለ አምስቱ ክፍሎች ቆማ አስረዳች፤ አሥራ አንድ ዓመት ማንም ሳይጠይቃት ይዛው የኖረችውን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ዘረገፈችው። ኃላፊዋ ነርስ በየመሀሉ «እውነቷን ነው» ትላለች።

«የሚሰረዘውን ዝርዝር ማን ነበር ያጣራው?» አለ ዳይሬክተሩ።

ፖስታ ቤት ወደ ጠረጴዛው አየች። ያች «አስተያየት የለኝም» ያለችው መልስ ወንድሟ ስልክ ውስጥ ናት፤ ስልኩ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ እጁ ሥር።

«እኔ» አለ ወንድሟ። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ዳይሬክተሩ ብዙ አላወራም። አሮጌው ሥርዓት ዛሬውኑ ይመለስ፣ ኩባንያው ዕቃውን ይሰብስብ፣ እሷም ቦታዋ ትመለስ አለ። አሸነፈች። 

ወንድሟ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«413ን አይተሽው ነበር።»

«አይቼዋለሁ።»

«ዝርዝሩን የላክሁልሽ ለምን ይመስልሻል? ኩባንያው ላክ አላለኝም። እኔ የሳትኩትን አንቺ አትስቺም ብዬ ነው። ለዚያ ነው ደግሜ ያላየሁት።»

«ለሥራው እንዲህ ታስብ ከነበር ጥርቅም አትለውም ነበር። ታዲያ ለምን አላሳየሃቸውም? መልሴ ስልክህ ውስጥ አለ።»

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ!» ድምፁ ደረጃው ውስጥ አስተጋባ፤ ዝቅ አደረገው። «እማዬ ስትሰማ ፊቷን ማየት ስለማልችል ነው። አውቃ ነው ያደረገችው ብዬ በምን አፌ እነግራታለሁ? እኔ በሥራ ጠላሁሽ፣ ተጣላሁሽ፣ እሺ። ሰው ትጎጂያለሽ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ።»

 እሱ ወረደ፤ እሷ ቆማ ቀረች።

ማክሰኞ ክፍሎቹ እንደ ድሮው «እሺ» እና «አይሆንም» ማለት ጀመሩ። ነርሶቹ በኮሪደሩ ሲያልፉ «እሰይ ፖስታ ቤታችን!» ይሏታል። እሷ ረቡዕን ትጠብቃለች። ረቡዕ ከሰዓት ኃላፊዋን ነርስ እንደዋዛ «ያ ልብስ ሰፊ እንዴት ሆነ?» አለቻት። ኃላፊዋ ነርስ ራሷን ነቀነቀች። «ዶክተሩ ከፈተው። ሰኞ ቢሆን ኖሮ አለ፤ ዛሬ ግን ብርሃኑን ማትረፍ አልተቻለም።»

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋን ከፍታ ልትገባ ስትል፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ እየዳበሰ ከሚመጣ ሰው ጋር ተገጣጠመች። ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ልጁ መድኃኒት ቤት ተሰልፋለች። የእርምጃዋን ድምፅ ሰምቶ እጁን ዘረጋና ክንዷን ያዘ።

«ልጄ፣ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ። የሰኞዋ ቀጠሮ ናት፤ ያለፈችዋ። ስንት ሰዓት ነው የምትለው?»

ወረቀቱን ዘረጋችው። «ሦስት ሰዓት ይላል።»

«ሦስት ሰዓት» አለ፤ ትከሻው ዝቅ አለ፣ እንደ ማረፍ። «እኔ ሁለት ከሩብ ላይ እዚህ ነበርኩ። ልጄ ኋላ ስለደረሰች አርፍደህ ነው ተራህን የወሰዱብህ ትላለች፤ እኔም ሰዓቱን የተሳሳትኩ መስሎኝ ስንት ቀን ራሴን ስበላ ከረምኩ። አላረፈድኩማ?»

«አላረፈዱም። በሰዓቱ ነው የመጡት።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማነው?»

ፖስታ ቤት ወረቀቱን በዚያው በታጠፈበት አጠፈችው፤ እጁ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት። አዲሱ ሥርዓት ነው ብትለው ያምናታል። ወንድሜ ነው ብትለውም ያምናታል፤ ራሱ ወንድሟም በአፉ ብሎታል።

«የኔ ነው» አለችው።

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ቀጠሮው እንደሚጋጭ አውቄ ነበር። በቂም ዝም አልኩ።»

 ሽማግሌው በፋሻ የተሸፈነ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ከዚያ እጁን ከክንዷ ላይ አነሳ፣ ግድግዳውን ፈልጎ ያዘ፣ እሷ እንዳትደግፈው በሌላኛው እጁ እየከለከለ ብቻውን ሄደ።