የብስክሌቱ ሞላ

ፈድሉ ባንኮ ጎቲቲ ከሚገኘው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሳይደርስ ነው የመፈልፈያው ሞተር ድምፅ የተቀበለው። ሞተሩ ሽቅብ ይጮኻል፣ ወዲያው ይዝላል፣ ደግሞ ይጮኻል። ጊዜው ኅዳር 1998 ነበር፤ እሸት ቡና እንደ ጉድ የሚገባበት ሳምንት። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ገንዳ ውስጥ የገባው ቡና ደግሞ ዛሬውኑ ካልተፈለፈለ ይበላሻል።

"መጣህልኝ!" አሉ የጣቢያው ባለቤት ጋሽ ተሾመ። "ሲፈጥን ፍሬውን ይቆርጠዋል፣ ሲዘገይ ይታነቃል። ካንተ እጅ በቀር የሚሰማው የለም።"

ፈድሉ ዲላ ገበያ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ጀኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ አንዳንዴም ከሆቴሎች የሚመጣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይጠግናል። ዛሬ ግን የመጣው ሊሰናበት ነው። ወንድሙ አዋሳ ላይ ሱቅ አግኝቶለታል፤ ሚስቱ ሀጅራ ዕቃውን አስራ ጨርሳለች፤ የጭነት መኪናው ነገ ዓርብ ጠዋት ይነሳል።

ይህንኑ ሲነግራቸው ጋሽ ተሾመ ሳቁ። ክንዱን ይዘው ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰዱትና አዲስ የተመረገ ክፍል ከፈቱለት። አልጋ ተዘርግቷል፣ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል።

"እስከ ጥር ቤትህ ነው" አሉት።

"ጋሽ ተሾመ፣ ነገ እኮ ነው የምሄደው።"

"ቡናዬን ገደል ከተህ የትም አትሄድም።" ወደ በሩ ዞረው ዘበኛውን ጠሩ። "ወልደዮሐንስ! የፈድሉ ሞተር ብስክሌት እኔ ሳልፈቅድ ከግቢ እንዳይወጣ!"

ወልደዮሐንስ ጎማው ላይ ሰንሰለት ሲያጠልቅ ፈድሉ ቆሞ አየ። የመፈልፈያውን ሞተር በሽታ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የሞተሩ ገቨርነር፣ ፍጥነቱን የሚመጥነው ክፍል ማለት ነው፣ ሞላው ረግቦ ነበር። ፈድሉ አዲስ ሞላ ገዛ። በዚያ ወር ግን ጋራዡ ጭር ብሎበት ስለነበር አዲሱን ሳጥኑ ውስጥ አስቀረና ከብስክሌት መቆሚያ የፈታውን ልል ሞላ ገጠመ። ሞተሩ አራት አምስት ቀን ደህና ይሠራል፣ ከዚያ መዋዠቅ ይጀምራል፤ ፈድሉ ይጠራል፣ ብሎኗን ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ይከፈለዋል፣ ይመሰገናል። "እስኪ ለአንድ ወር" ብሎ የጀመረው ሁለት ዓመት ሆነው። ጥፋቱ የወደቀው እንግዳ በሚባለው የሞተሩ ኦፕሬተር ላይ ነበር። "እጁ ማሽን ያበላሻል" ተባለና ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ ተወረወረ። ያኔ ፈድሉ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ዝም አለ።

አሁን ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ልሉን ሞላ ፈታ፣ ሁለት ዓመት ሳጥኑ ውስጥ የቆየውን አዲሱን ገጠመ፣ አስነሳው። ድምፁ ቀጥ አለ። የተፈለፈለው ቡና በቦዩ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ወረደ።

"በቃ፣ ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም" አለ እጁን እየጠረገ።

"አንተ ከነካኸውማ መቼ አስቸግሮ ያውቃል?" አሉ ጋሽ ተሾመ። "ችግሩ ሰኞ ነው። ሰኞ እንደገና ሲዋዥቅ ማን ይይዘዋል? ሂድ፣ ምሳህን ብላ።"

ሞተሩን አድኖታል፣ ግን ማንም አያምነውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ካለ እሱ እንደማይሆን ሲያስተምራቸው ከርሞ ዛሬ ይሆናል ቢል ማን ይሰማዋል? በአጥሩ ዙሪያ አንዴ ዞረ። በሩ ላይ ወልደዮሐንስ ቀና ብሎ አየው፤ ፈድሉ ዓይኑን ሰበረ። መውጫው አንድ ብቻ እንደሆነ ገባው፤ እሱም እንግዳ ያለበት ቦታ ነበር።

እንግዳ ከማድረቂያው አልጋ ላይ የተጎዳ ቡና እየለቀመ ነበር። ፈድሉ አጠገቡ ቆሞ ያንን ልል ሞላ በመዳፉ ዘረጋለት።

"ጋሽ እንግዳ፣ ሞተሩን ያበላሸው የእርስዎ እጅ አይደለም። ይቺ ናት። እኔ ነኝ የገጠምኳት፣ አውቄ።"

እንግዳ ሞላውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

"ልጄን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር 'ማሽኑን የሰበረው አባትሽ ነው?' ይላታል" አለ በመጨረሻ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ና፣ እዚያ ተናገረው። ሰልፉ ፊት።"

ፈድሉ ተናገረ። ገበሬዎቹ እየሰሙ፣ ጋሽ ተሾመ ዣንጥላቸውን እንደያዙ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። አንዲት ሴት "ኧረ አንተ ሰውዬ!" ስትል ብቻ ትንሽ ተደናቀፈ። የጋሽ ተሾመ ፊት ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ።

"ወልደዮሐንስ! ሰንሰለቱን ፍታለት! ከዓይኔ አጥፋልኝ!"

"ቆይ" አለ እንግዳ። "ከመሄዱ በፊት ገቨርነሩን ፈቶ ያሳየኝ። ሁሉንም።"

ጋሽ ተሾመ እንግዳን አዩት፣ ፈድሉን አዩት፤ ወደ ሞተሩ በእጃቸው አመልክተው ወደ ሚዛኑ ሄዱ።

ሞተሩ ጠፋ። ፈድሉ ክዳኑን ከፍቶ ክብደቶቹ ሲሽከረከሩ እንዴት ወደ ውጭ እንደሚዘረጉ፣ ሞላው መልሶ እንዴት እንደሚስባቸው፣ ብሎኗ እስከ ምን እንደምትጠብቅ አሳየ። እንግዳ አስፈታው፣ አስገጠመው፣ ደግሞ አስፈታው። መጨረሻ ላይ ራሱ ገጠመና እጀታውን አዙሮ አስነሳ። ለስንብት እጁን አልዘረጋም። ፈድሉም አልጠበቀም።

ዲላ ሲገባ መሽቶ ነበር። ሀጅራ ከታሰሩት ጥቅሎች መካከል ተቀምጣ ጠበቀችው።

"ለቀቁህ?"

"አባረሩኝ" አላትና አጠገቧ ተቀምጦ ምክንያቱን መንገር ጀመረ። ሀጅራ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ሲያበቃ ተነሥታ ራቷን ለብቻዋ አቀረበች፤ የእሱን ግን እዚያው ምድጃው አጠገብ ተወችለት።