ተሸካሚው ሲለቅ

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ መንገድ የሚሄዱት እጃቸውን በልጃቸው በፀደንያ ትከሻ ላይ ጥለው ነው። ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። እናቷ ወይዘሮ እናትዓለም ካረፉ ጀምሮ አባቷን ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሐይቁ ዳር ወዳለው ደብር የምታደርስ የምትመልስ እሷ ናት። የሮኬት ሥራ የምትማርበት ዕድል ከውጭ አገር ቢመጣላትም ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። እሳቸውን ለማን ትታ? እንቢ ልትል ወስናለች፤ ሆዷ ግን እሺ አላላትም።

ያን እሑድ ሳተላይት የሚመጥቅበት ቀን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ በር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ትምህርቱን የጨረሰ የቅኔ ተማሪ ሲሰናበት መሪጌታ የሚሸኙት እስከዚህ ዋርካ ነው። እዚህ ሲደርሱ እጃቸውን ከትከሻው አንሥተው «ሂድ፤ ወንበር ዘርጋ» ይሉታል፤ አስተምር ማለታቸው ነው። ቢወዱትም ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አያልፉም።

ፀደንያ ስልኳን አስጠግታ ያዘችላቸው። ሮኬቱ እሳት እየተፋ ተነሣ፤ ብርሃኑ ለመሪጌታም ታያቸው። ጥቂት ቆይቶ «የታችኛው ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ» አለች ፀደንያ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ብድግ ብለው፣ እያማተቡ። «ስንት ሰው ነበረበት?»

«ሰው የለበትም፣ አባዬ። የወደቀው ተሸካሚው ነው። ከባዱን አየር እስኪያልፍ ላይኛውን ተሸክሞ ይወጣል። ነዳጁ ሲያልቅ ይለቀዋል፤ ላይኛው በራሱ ሞተር ይሄዳል።»

«ባይለቀውስ?»

«ባዶው ቋት ሸክም ይሆንበታል። ሁለቱም ይወድቃሉ።»

የተናገረችው ነገር የገባት ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ስለ ራሷና ስለ አባቷ የተናገረች መሰላት፤ ደነገጠች።

«የወደቀውን ማን ያነሣዋል?» አሉ መሪጌታ።

«ባሕር ውስጥ ይቀራል።»

«እንግዲያስ ነፍስ ይማር ማለቴ አልከፋም። ጸሎት ካፍ ከወጣ አይመለስም፤ ለእናትሽ ይድረስላት። አንችን ተሸክማ እዚህ ያደረሰች እሷ ናት።»

ፀደንያን በእናቷ ቀብር ዕለት እንቢ ያላት ዕንባ አሁን መጣ። አልቅሳ ሲወጣላት መሪጌታ ቀጠሉ።

«የመሄጃሽንም ነገር ባልደረባሽ አጫውቶኛል። እስክትነግሪኝ ብዬ ጠበቅሁ።»

«አልሄድም፣ አባዬ። እርስዎን ማን ይመራዎታል?»

«ደብሩ አለ፣ ጎረቤት አለ። የሰው ልጅ ስሸኝ የኖርሁ፣ የራሴን ታቅፌ ላስቀር ነው?»

ፀደንያ ተነሥታ እንደ ወትሮው ትከሻዋን አቀረበችላቸው። እጃቸውን ጣሉባት። ብዙ አቆዩት። ከዚያ አነሡት።

«ሂጅ» አሉ። «ሂጅ፤ ወንበር ዘርጊ።»

ፊታቸውን አዙረው በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ የቤታቸውን መንገድ ብቻቸውን ጀመሩት። ፀደንያ ከኋላቸው ተከተለች። ድንጋይ ሲያደናቅፋቸው እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው።