የአማቴ ፓፓያ

አማቴ ሬዲዮ የሚሰሙት ለመማር አይደለም፤ እኔን ለማስተማር ነው። አንድ ጠዋት የልብስ ስፌት ማሽኔ ላይ ተጎንብሼ የተማሪ ሱሪ ሳሳጥር፣ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው መጡና ከበላዬ ቆሙ። «ሰማሽ? ፓፓያ ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል አሉ። ቁስል ያደርቃል፣ ድድ ያጠነክራል፣ ሆድ ያለሰልሳል።» ጓሯችን ውስጥ አንድ የፓፓያ ዛፍ አለ። እስከዚያን ቀን ወፍ የሚበላውን በልቶ የቀረውን እኔ ነበርኩ የምጠርገው። ከዚያ ወዲህ ግን መድኃኒት ቤት ሆነ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የኛዋ ራሷን አላነቀችም፤ ልጇን ነው ያነቀችው። ልጃቸው ባሌ ነው፣ የከተማ አውቶብስ ሾፌር። ድርጅቱ ሾፌሮቹን በየዓመቱ ያስመረምራል፤ ያላለፈ ሰው መሪ አይጨብጥም። ባሌ ደግሞ ከመሪው ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንኳ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

ምርመራው ሲቃረብ አማቴ «ልጄ ጠንክሮ ይቅረብ» ብለው ሥራ ጀመሩ። ጠዋት ፓፓያ፣ ምሳ ላይ ፓፓያ፣ ማታ ጭማቂው። ልጣጩን ፊቱ ላይ ለጠፉለት፣ ለወዝ ነው ተብሎ። ፍሬውን አድርቀው ፈጩና በማር ለወሱለት።

«ይሄስ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለትል።»

«ትል አለበት እንዴ?»

«ካለ ይወጣል፤ ከሌለም አይጎዳው።»

እንዲህ ያለውን ክርክር ማን ይረታል? ባሌም ለእናቱ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። እኔ ካልሲህን አንሳ ብዬው የማይሰማ ሰው፣ እሳቸው ሳህን ይዘው ብቅ ሲሉ አፉን እንደ ጫጩት ይከፍታል።

የምርመራው ቀን ጫማውን ወልውሎ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። መርማሪው እጅህን ዘርጋ ብሎት መዳፉን ሲያይ ቢጫ ነው። ከዚያማ ወዲህ ብሎ ወዲያ ብሎ፣ «የወፍ በሽታ እንዳይሆን፣ ጉበትህ ይታይ» ብሎ ወደ ሆስፒታል ላከው። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም አውቶብሱን ለሌላ ሾፌር ሰጡበት። ለካ ጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ አይቶት ኖሯል፤ የባለሱቁ ሚስት መልስ እጁ ላይ ማስቀመጥ ትታ ባንኮኒው ላይ ትወረውርለት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አማቴ ወሬውን ሲሰሙ አለቀሱ። ዕንባቸውን ጠረጉና ቢላዋ አነሱ። «ጉበት ከሆነማ መድኃኒቱ እቤታችን አይደል?» ብለው ፓፓያውን እጥፍ አደረጉት። ባሌ ባሰበት። ባሰበት ብለው ደግሞ ጨመሩ።

እኔ ፈራሁ። ቀልድ የለውም፣ ፈራሁ። ባሌን ቀብሬ ከአማቴ ጋር ለሁለት ስንቀር ታየኝ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራኝ ግን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ሆስፒታል ያየችን ሐኪም ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። መዳፉን አየች፤ ወደ መስኮቱ አዙራ የታችኛውን የዓይን ቆቡን በጣቷ ሳብ አደረገች፤ የደም ውጤቱን አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለችው።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «ፓፓያ» አልኩ።

«ምን ያህል?»

«ዛፉን።»

ሳቋ አመለጣት። «ጉበትዎ ደህና ነው» አለችው። «ፓፓያ ጥሩ ፍሬ ነው፤ ቫይታሚን ሲውም እውነት ነው። ሲበዛ ግን ቀለሙ ቆዳ ላይ ይቀራል። ዓይንን አይነካም፤ የጉበት ቢጫ ነው የዓይንን ነጭ የሚይዘው። የእርስዎ ዓይን ወተት ይመስላል። ትንሽ ቀነስ ያድርጉትና እጅዎ ይመለሳል።»

ባሌ በሩ ላይ ለእናቱ ደወለና ከዚያው ወደ ድርጅቱ በረረ። እኔ ወደ ቤት ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አማቴን ለማግኘት ቸኩዬ አላውቅም። ስንት ዓመት ዋጥ ያደረግኩትን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናዳሁት፦ ሬዲዮውን፣ ልጣጩን፣ ትሉን። አንዱን እንኳ ልምራቸው ብዬ አላሰብኩም።

በር ላይ ጠብቀው አቀፉኝ። «ነገረኝ፣ ነገረኝ። ፓፓያው ነው አለች አይደል? ተመስገን!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም እኮ ሰሞኑን ሳልነግራችሁ ጭንቅ ይዞኝ ነበር። አሁን ነው ልቤ መለስ ያለው።» ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቢጫ ናቸው።

ያሰናዳሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። «እማማ፣ እርስዎ መቼ ፓፓያ በልተው ያውቃሉ?»

«እኔማ ሽታው አይስማማኝም። ለሱ ስቆርጥ ስቆርጥ ነክቶኝ ነው እንጂ።»

እጃቸውን ይዤ ማሽኔ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሐኪሟ እንዳደረገችው የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን በአውራ ጣቴ ሳብ አደረግኩ። የአንዱን ዓይን ነጭ አየሁ፤ ምናልባት የብርሃኑ ነገር ይሆናል ብዬ የሌላውንም አየሁ። የብርሃን ነገር አልነበረም።

«ምን ታፈጫለሽ? ጉድፍ ገብቷል?»

«አይ። ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ።»

«ደግሞ ለምን? ልጄ ደህና ነው ተባለ። እኔም ፓፓያው ነው።»

ጫማቸውን አመጣሁና ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው። ማሰሪያውን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አሰርኩ። እሳቸው ከላይ ሆነው ሬዲዮው ስለ ቫይታሚን ሲ ያለውን ከመጀመሪያው አንስተው ያስረዱኝ ጀመር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው።