ጎንበስ በል፣ ባለ ከሰል

ሮዌና ግሪምሾው የመጀመሪያ ካሴቷን የቀዳችው በእናቷ ወጥ ቤት ነው፤ የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች ትልቁ አድማ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ፍሪጁን ነቅለን፣ እሷ በጊታር እኔ በቫዮሊን አሥር ዘፈን በአንድ ቅዳሜ ጨረስን። እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሃያ አልሞላኝም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያባዛን፣ ሽፋናቸውን በእጃችን እየጻፍን፣ በአንድ አሮጌ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ከከተማ ከተማ ዞርን። መድረክ ላይ ቆማ «አንዱ ይግዛ፣ ሌላው ይገልብጥ» ትል ነበር። አንድ የለንደን የሙዚቃ ድርጅት ጠርቷት አነጋገሯን ብታለሳልስና ከበሮ ቢጨመርበት እንደሚያስፈርማት ነገራት። ሻይዋን ጨርሳ፣ አመስግና፣ በቀጣዩ ባቡር ተመለሰች።

እኔ ግን ሄድኩ። ለሦስት ዓመት ትምህርት ብዬ ካናዳ ገብቼ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ስመለስ የሸለቆው ጥጥ ፋብሪካዎች መኖሪያ ቤት ሆነዋል፤ ዝናቡ ብቻ አልተለወጠም። ለምን እንደተመለስኩ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ሮዌና አልጠየቀችኝም። «ቫዮሊንህ ክር አለው?» ብቻ አለችኝ።

በተመለስኩበት ዓመት ሰኔ ላይ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ልትደረግ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ሐኪሙ «መናገር ትችያለሽ፤ ስለ ዘፈኑ ቃል አልገባም» ብሏታል። ከቀጠሮው ማክሰኞ በፊት በነበረው ሐሙስ በከተማችን የዘፈን ክበብ የምሽቱ እንግዳ እሷ ነበረች፤ የመጨረሻ አልበሟንም እዚያው ልቅዳላት ተስማምተናል። ከሁሉ በላይ የምትፈልገው አንድ ዘፈን ነው፤ «የሰኞ ልብስ»። የድሮ ሰፈሯ እናቶች ሰኞ ሰኞ ያጠቡትን አንሶላ ከቤት ቤት፣ መንገዱን አሻግረው ሲያሰጡ፣ ከሰል ሻጩ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ እንደሚያልፍ ነው የሚናገረው። በመጀመሪያው ካሴት ላይ አጣድፋዋለች።

«ልብሱ ሳይደርቅ ዘፈኑ አለቀ» ትላለች። «አንዴ በወጉ ልዝፈነውና ጉሮሮዬን የፈለጉትን ያድርጉት።»

ክበቡ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ማይክሮፎን የለም። መጀመሪያ ከታዳሚው የፈለገ ሁሉ ተነስቶ አንድ አንድ ዘፈን ይዘፍናል፤ እንግዳው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም። በዚያ ምሽት አንዴ የተዘፈነ ዘፈን አይደገምም። እንግዳው ያን ብቻ ሊዘፍን መቶ ማይል ነድቶ ቢመጣም ሌላ ይፈልጋል።

የቀን ብርሃን ገና በመስኮት እየገባ ነበር። መቅጃዬን ከፍቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። መድረኩን የሚመራው ሞሪስ ሦስት ሰዎች ካዘፈነ በኋላ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«ኧርነስት! መጣህ እንዴ? እኛ እኮ ሞቷል ብለን ወንበርህን ሰጥተነዋል!»

«ለማን?»

«ለተሻለ ድምፅ!»

ሳቁ ሳይበርድ ኧርነስት ሆልሮይድ ተነሳ። ሰማንያ የተጠጋ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቺ የጥንት ናት» አለ። «ማን እንደደረሳት አይታወቅም። ጆአን፣ ባለቤቴ፣ ልብስ ስትተኩስ የምትዘፍናት ናት። አሁን የሚተኩስም የለም።»

ከዚያ ጀመረ።

«ጎንበስ በል፣ ባለ ከሰል፣ ጎንበስ በል፣
የእናቴ አንሶላ ሰማዩን ይዟል።»

የሮዌና «የሰኞ ልብስ» ነበር። ከወንበሬ ብድግ ልል ስል ሮዌና እግሬን ረገጠችው፤ በተረከዟ፣ አጥብቃ። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኖቿን ጨፍናለች። ሽማግሌው በዝግታ ነበር የሚዘፍነው። ከስንኝ ስንኝ መሐል ካውያው ከሸሚዙ ተነስቶ ተመልሶ እስኪያርፍ ያህል ዝም ይላል። አዝማቹ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ተቀበለው፤ ሮዌናም ዝቅ ባለ ድምፅ አብራ ዘፈነች።

ለዕረፍት ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝኳት።

«ተነሺና የኔ ነው በያቸው! ማንም አይከፋውም።»

«ዛሬ ተዘፍኗል፣ ኦወን።»

«በማን? ያንቺ እኮ ነው! ማክሰኞ—»

«ማክሰኞን አውቃለሁ። አንተ ከማስታወስህ በፊት ጉሮሮዬ ያስታውሰኛል።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ያንን ፍጥነት ሰማኸው? ሠላሳ ስድስት ዓመት ስፈልገው የነበረው እሱ ነው። አንዲት ሴት ካውያ ይዛ አገኘችው።»

ኧርነስት ቢራውን ይዞ ወደ እኛ መጣ።

«የዛሬዋ እንግዳ አንቺ ነሽ አይደል? አዝማቹ ላይ ሰማሁሽ። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ። ግን ትቸኩያለሽ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ሚስተር ሆልሮይድ።»

«ጆአን ብትኖር ታርምሽ ነበር። እኔን አርባ ዓመት አርማኛለች፤ በመንዳት ጭምር።»

«ከየት ነበር የተማሩት እሳቸው?»

«እህቷ ከሰጠቻት ካሴት። ስም የለውም፣ ምን የለውም። ዘፋኟ ሰው የሚያባርራት ትመስላለች፤ ጆአን ናት ዘፈኑን አደብ ያስገዛችው።»

ሮዌና እስክታስል ድረስ ሳቀች። ማን እንደሆነች አልነገረችውም፤ እኔም አፌን ያዝኩ። በሁለተኛው ክፍል ሌሎቹን ዘፈኖቿን ዘፈነች፤ «የሰኞ ልብስ»ን አልነካችም።

ቀዶ ሕክምናው ሕይወቷን አተረፈላት። የተመለሰው ድምፅ ግን ለመነጋገር ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ሲሰሟት ጉንፋን የያዛት ይመስላል። አልበሙን በመስከረም አወጣነው፤ ሰባተኛው ዘፈን የኧርነስት ነው። ሽፋኑን ስንጽፍ «ዘፋኝ፣ ኧርነስት ሆልሮይድ» ብዬ ቆምኩ።

«ደራሲስ?» አልኳት።

«የኔን ስም ጻፍ እንጂ» አለች። «እኔ ጻድቅ አይደለሁም።»

ቀጥሎ ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ከስሟ ሥር «ፍጥነቱ የጆአን ሆልሮይድ» ብላ ጨመረች። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዛ ወደ ኧርነስት ቤት ብቻዋን ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ትክክል ሠርታለች ወይ? አላውቅም። እኔ በተማርኩበት አገር ሰው የራሱን ሥራ እንዲህ አይለቅም፤ እዚህም ሁሉ ሰው ይለቃል ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቀን ማዳመጫ አድርጌ ሰባተኛውን ከፍቼ አዝማቹ ውስጥ የሮዌናን ድምፅ እፈልጋለሁ። ከሠላሳ ሰው መሐል አንዴ ያገኘኋት ይመስለኛል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ያ ድምፅ በሩ አጠገብ ከቆመች ሌላ ሴት የመጣ ይሆንብኛል። ወደ ኋላ እመልሰውና እንደገና እሰማለሁ።